ለአስታማሚዋ እህት፦ የአስተውሎት ልምምድ ምን ይረዳል፣ ምን አይረዳም?

ጥያቄ፦

«የምኖረው ጅማ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። እናቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ በየ21 ቀኑ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት እየወሰደች ነው። የማስታምማት እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ ገንዘብ ይልካል፤ በየማታው እየደወለም ምን ማድረግ እንዳለብኝ ይነግረኛል። እናቴ ካንሰር መሆኑን አታውቅም፤ ‹ዕጢ ነበር፣ ወጥቷል፣ መድኃኒቱ እንዳይመለስ ነው› ብለናታል። ሌሊት የሳለች እየመሰለኝ እነቃለሁ፤ ግንባሯን ስዳስስ ይነጋል። ባለፈው ሳምንት አጥሚት አልጠጣም ስትለኝ ጮህኩባትና ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ። አንዳንዴ ምነው ይህ ነገር ባለቀልኝ ብዬ አስብና በራሴ እደነግጣለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ማይንድፉልነስ የሚባል ልምምድ ለጭንቀት ይረዳል አለችኝ። በስልኬ ሞከርኩት፤ ዓይኔን ስጨፍን ግን ይብስብኛል። ደግሞም ሙስሊም ነኝ፤ ከሌላ እምነት የመጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። በእርግጥ ይሠራል? ጊዜውንስ ከየት ላምጣው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ጊዜ ከየትም አታመጪም። ግማሽ ሰዓት ፈልገሽ ምንጣፍ ላይ ተቀመጪ የሚልሽ ሰው አስታምሞ አያውቅም። ማይንድፉልነስ፣ በአማርኛ የአስተውሎት ልምምድ፣ ትኩረትን አሁን ባለው ነገር ላይ ማሳረፍ ነው፤ የሚሆንሽም አሁን በምትሠሪው ሥራ ውስጥ መግባት ከቻለ ብቻ ነው፤ እጅሽን ስትታጠቢ፣ ወረፋ ስትጠብቂ፣ ሌሊት ስትነቂ። ይሠራል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ በመጠኑ ይሠራል። የእናትሽን ሕመም፣ የቀጠሮውን ብዛት፣ የልብስ አጠባውን አይቀንስም። በእውነት ትከሻሽ ላይ ያለውንና አእምሮሽ በላዩ የሚቆልለውን ለይተሽ እንድታዪ ግን ያግዝሻል። የአእምሮሽን ቁልል በልምምድ ታራግፊዋለሽ፤ እውነተኛው ሸክም ሌላ ሰው ገብቶ ካላገዘሽ በየትኛውም አተነፋፈስ አይቀልም። ሁለቱን የሚያደባልቅ ምክር ብዙ ስለምሰማ ነው አጥብቄ የምናገረው። በሥራ የጎበጠችን ሴት «በደንብ ተንፍሺ» ብሎ መሸኘት ለእኔ ስድብ ነው።

ስለ እምነቱ የሰማሽው ሐሰት አይደለም። የአስተውሎት ልምምድ ሥሩ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ለዘመናት ሲሠሩበት የኖሩት የተመስጦ ልማድ ነው። ወደ ሆስፒታል ያስገባው ጆን ካባት ዚን የተባለ፣ በትምህርቱ የሞለኪውል ሥነ ሕይወት ተመራማሪ የሆነ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የ8 ሳምንት መርሃ ግብር አዘጋጀ፤ አምልኮውንና ሥርዓቱን ትቶ ትኩረትን የማሠልጠኑን ክፍል ወሰደ። ዛሬ በሕክምና ተቋማት የሚሰጠው ይህ ነው፤ የሚጠራ ስም ወይም የሚደገም ቃል የለበትም። አሁንም ልብሽ ካላረፈ የምታምኛቸውን ሼህ ጠይቂ፤ ያለ ሕሊና ዕረፍት የሚደረግ ልምምድ ምንም አይጠቅምሽም። ሰላትሽን የሚተካ ነገርም አልሰጥሽም። ውዱ ስታደርጊ ውኃው ክንድሽ ላይ ሲወርድ ሐሳብሽ እዚያው ውኃው ላይ ሆኖ የሚያውቅ ከሆነ፣ የምነግርሽን ግማሹን ታውቂዋለሽ።

ሌሊት የሚያነቃሽ ምን እንደሆነ ብታውቂ ራስሽን መውቀስ ትቀንሻለሽ። አደጋ ሲመጣ አንጎል ውስጥ ያለች አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል ቀድማ ታስጠነቅቃለች። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፤ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ደግሞ ከጉበት ስኳር እንዲለቀቅ አድርጎ ሰውነትን ለትግል ወይም ለሽሽት ያሰናዳል። ይህ ሁሉ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ነው፤ አደጋው ሲያልፍ ሰውነት ይበርዳል። የአንቺ አደጋ ግን 21 ቀን ቆጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ ሰውነትሽ ዘብ ቆሞ ያድራል፤ ያልተሳለ ሳል ይሰማል። የእምነት ማነስ ወይም የልብ ድክመት አድርገሽ አትቁጠሪው።

ስለ ጥናቶቹ ብዙ አልልም። በካንሰር ሕሙማን አስታማሚዎች ላይ የተሠሩትን ጥናቶች አንድ ላይ የመረመሩ ባለሙያዎች ልምምዱ ጭንቀትንና የድባቴ ስሜትን ከቀላል እስከ መካከለኛ በሆነ መጠን እንደሚቀንስ ይናገራሉ። ጥናቶቹ በአብዛኛው ትንንሽ ናቸው፤ ለውጡ ለረጅም ጊዜ መቆየቱ በደንብ አልተረጋገጠም፤ በጊዜ እጦት የሚያቋርጠው አስታማሚም ብዙ ነው። ቢያቋርጥ አይፈረድበትም፤ የካባት ዚን መርሃ ግብር በሳምንት አንድ የሁለት ሰዓት ተኩል ስብሰባና በየቀኑ 45 ደቂቃ ያህል የቤት ልምምድ ይጠይቃል። ይህን ለአንቺ አላዝም። ወደ እኛ ኑሮ የሚቀርበው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በሥዕልና በድምፅ የሚሰጥ የውጥረት መቋቋሚያ ሥልጠና ነው። ኡጋንዳ ውስጥ በተጠለሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ጭንቀታቸውን ቀንሶ ተገኝቷል። የሚያስተምራቸው መልመጃዎች አብዛኞቹ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቁ ናቸው፤ እኔም ከዚያው ወገን የሆኑትን ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ ዓይንሽን ክፈቺ። ዓይንሽን ስትጨፍኚ የሚብስብሽ ስላልቻልሽበት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በሥራ ተሸፍኖ የዋለው ሐሳብ ዝምታ ሲያገኝ ስለሚግተለተል ነው። ሐዘን ወይም ከባድ ድንጋጤ ላለበት ሰው ዓይን መጨፈንና ወደ ውስጥ ማየት አንዳንዴ ይጎዳል። ስልኩ ላይ ያለው ለስላሳ ድምፅ ደግሞ አንቺ ማን እንደሆንሽ አያውቅም። ትኩረትሽን ከአንቺ ውጭ ባለ፣ በማይንቀሳቀስና በሚዳሰስ ነገር ላይ አሳርፊው፤ ወለሉ፣ የወንበሩ ክንድ፣ ከእግርሽ ሥር ያለው መሬት።

የኬሞ ቀን ማለዳ ለምርመራ ደም ሰጥታችሁ ውጤት የምትጠብቁበት ሰዓት አለ። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከቦንጋ ሌሊት የተነሡ ቤተሰቦች ፌስታላቸውንና ካርዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በአግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራሉ። ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ኢንፌክሽን የሚከላከለው የነጭ ደም ሴል ቁጥር ዛሬ መድኃኒቱን ለመውሰድ ይበቃል ወይስ አይበቃም? ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ ሌላ ምንም መሥራት አትችዪምና። ሁለት እግርሽን መሬት ላይ አሳርፊ። ተረከዝሽ ጫማው ውስጥ የሚነካውን ቦታ ፈልጊ። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ትንፋሽ አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ፤ አምስት ጊዜ ያህል። ማስወጫው የሚረዝመው ያለ ምክንያት አይደለም። ትንፋሽ ሲወጣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ያዘገያል፤ ስለዚህ አእምሮሽ ባይረጋጋ እንኳን ልብሽ ይታዘዝሻል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ፦ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ በእርግጥ የማውቀው ምንድን ነው? ውጤቱ አልመጣም። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው። የምታውቂው ይኸው ነው። «ቁጥሩ ዝቅ ካለ ቀጠሮው ይራዘማል፣ ከተራዘመ በሽታው ያገረሻል» የሚለው ገና አልሆነም፤ አእምሮሽ የጻፈው ነው። በነገራችን ላይ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቀጠሮ በሳምንት መገፋቱ በኬሞ ሕክምና ውስጥ የተለመደ ነገር ነው፤ ሲሆን የዓለም ፍጻሜ አይምሰልሽ።

ሁለተኛው ቦታ የእጅ መታጠቢያው ነው። ኬሞ ከተወሰደ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት መድኃኒቱ በሽንትና በትውከት ስለሚወጣ ጓንት አድርገሽ አጽጂ፤ ጓንቱን ካወለቅሽ በኋላም በሳሙና ታጠቢ። ለእናትሽ የሚሰጣቸው ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ከሆነ ሽንታቸው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሊቀላ ይችላል፤ የመድኃኒቱ ቀለም እንጂ ደም አይደለምና አትደንግጪ። አስታማሚ በቀን ብዙ ጊዜ ይታጠባል። ከእነዚህ መታጠቦች አንዱን፣ ሁሉንም ሳይሆን አንዱን፣ ለራስሽ ያዢው። የውኃው ቅዝቃዜ፣ የሳሙናው መሟለጭ፣ በጣቶችሽ መካከል የሚያልፈው። ሐሳብሽ ወደ ነገው ትምህርት ዕቅድ ወይም ወደ ወንድምሽ ስልክ ይሸሻል፤ መሸሹን ስታውቂ ወደ ውኃው መልሺው። ዐሥር ጊዜ ቢሸሽ ዐሥር ጊዜ መልሺው፤ ልምምዱ ማለት ይኸው መመለስ ነውና «አልቻልኩበትም» አትበዪ።

ስለ ሌሊቱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር። ግንባር መዳሰስ የሙቀት መለኪያ አይሆንም፤ እጅሽ ሲበርድ ሁሉም ግንባር ይሞቃል። ከፋርማሲ ቴርሞሜትር ግዢ። ጠዋትና ማታ ለኪ፣ ብርድ ብርድ ካላቸው ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ለኪ፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊው። ኬሞ በተወሰደ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴሎች በጣም ስለሚቀንሱ ትንሽ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካየሽ አተነፋፈሱንም ምኑንም ተዪው፤ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተሽ ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ይዘሻቸው ሂጂ፣ ኬሞ ላይ መሆናቸውንም ከሁሉ አስቀድመሽ ተናገሪ። ሐኪም ሳያያቸው ትኩሳቱን በፓራሲታሞል አታብርጂው፤ ምልክቱን ይደብቃል። ይህን የምዘረዝረው ጭንቀትሽን ለመጨመር አይደለም። ፍርሃትሽ ሌሊቱን ሙሉ የሚዞረው መቼ መፍራት እንዳለበት ስላልተነገረው ነው። ቁጥር ስትሰጪው ከቁጥሩ በታች ያለውን ሰዓት ሊለቅልሽ ይችላል።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስትነቂ እንግዲህ ሳል ካለ ሳሉን አዳምጪ፤ ከሌለ የማትሰሚውን አታዳምጪ። ሲያሻሽ አንድ ጊዜ ለኪና ተኚ። እንቅልፍን አታሳድጂው፤ እንቅልፍ ሲያሳድዱት የሚሸሽ ነገር ነው። በጀርባሽ ተኝተሽ ከእግርሽ አውራ ጣት ጀምረሽ ወደ ላይ እየመጣሽ እያንዳንዱ የሰውነትሽ ክፍል ፍራሹን የሚነካበትን ቦታ ፈልጊ፤ ተረከዝ፣ ባት፣ ዳሌ፣ ትከሻ። ከዳሌ ሳታልፊ ብትተኚ ጥሩ፤ ራስሽ ላይ ደርሰሽ ካልተኛሽም ቢያንስ ሰውነትሽ አርፏል።

ቡናውን አልረሳሁትም። ጅማ ላይ ሳይቆላ የሚውል ቤት ጥቂት ነው፤ ከኬሞ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ግን የቡና ቁላት ሽታ ብዙ ሕሙማንን ያቅለሸልሻል። በእነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ አትቁዪ። ጎረቤት ሄደሽ አቦሏን ብቻ ጠጥተሽ ተመለሺ። ስልክሽን ቤት ተዪው። የመጀመሪያዎቹን ፉቶች ሳትናገሪ ጠጪ፤ ሲኒው ጣትሽን ሲያሞቅ፣ ምሬቱ ምላስሽ ላይ ሲያርፍ። ከቤት ለ20 ደቂቃ መውጣትሽ ብቻውን ግማሽ መድኃኒት ነው፤ ሌላው ግማሽ ስትወጪ በእርግጥ መውጣትሽ ነው። ሰውነታቸው ጎረቤት፣ ሐሳባቸው በሽተኛው አልጋ ሥር የሚቀር ብዙ አስታማሚዎች አሉ።

አሁን ወደ አጥሚቱ እንምጣ፤ ከጻፍሽልኝ ሁሉ ብዙ የሚነግረኝ እሱ ነው። ኬሞ ጣዕም ይለውጣል፤ ሕሙማን ምግቡ ሁሉ ብረት ብረት ይለኛል ይላሉ፤ ትኩስ ምግብ ሽታው ስለሚያይልም ቀዝቀዝ ያለው ይሻላቸዋል። እናትሽ እምቢ ያሉት እንግዲህ አንድ ብርጭቆ አጥሚት ነው። አእምሮሽ የሰማው ግን ሌላ ነው፦ ካልበላች ትደክማለች፣ ከደከመች መድኃኒቱን አትችለውም፣ ካልቻለችው ትሞትብኛለች። ከብርጭቆው እስከ ቀብሩ ያለውን መንገድ በሁለት ሴኮንድ ጨርሶታል። ጩኸቱ ከዚያ የመጣ ነው፤ የተናደድሽ መሰለሽ እንጂ የፈራሽ ነበርሽ።

ጩኸት ሳይሰማ በፊት ሰውነት ይናገራል። አንዱ ጥርሱን ይነክሳል፣ ሌላው አንገቱ ይግላል፣ ሌላዋ ማንኪያውን አጥብቃ ትይዛለች። የአንቺ የትኛው እንደሆነ በዚህ ሳምንት ታዘቢ። ምልክቱ ሲመጣ ብርጭቆውን ከእጅሽ አስቀምጪው፤ በእጅሽ ይዘሽ መረጋጋት አይቻልም። በልብሽ «ፈርቻለሁ» በዪ። ስሜትን በስሙ መጥራት የአሚግዳላን መቆጣት እንደሚቀንስ በአንጎል ምስል የታየ ነገር ነው። አንድ ረጅም ትንፋሽ አስወጪና «እሺ እማዬ፣ ቆየት ብለን እንሞክራለን» ብለሽ ውጪ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ አድርገሽ በቡና ሲኒ አምጪላቸው፤ ትልቅ ብርጭቆ ገና ሲያዩት ያጠግባል። በቀን ሦስት ጊዜ ብዙ ከሚሆን በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይሁን። በተከታታይ ለአንድ ቀን ሙሉ ፈሳሽ እንኳን አልይዝ ካላቸው ግን ለሕክምና ባለሙያዎቹ ንገሪ፤ ማቅለሽለሽን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች አሉ። ስለ ጩኸቱም ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እያለቀሱ የሚጠየቅ ረጅም ይቅርታ መልሶ በሽተኛውን አጽናኝ ያደርገዋል።

«ምነው ባለቀልኝ» ስላልሽው ደግሞ፣ ይህን ሐሳብ ለእኔ ያልነገረኝ የረጅም ጊዜ አስታማሚ ጥቂት ነው። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚናገረው፤ ሁሉም እሱ ብቻ የሚያስበው ይመስለዋል። ሐሳቡ የእናትሽን ሞት መመኘት አድርገሽ ወሰድሽውና ደነገጥሽ። እኔ የማየው ግን እረፍት ያጣ ሰው እረፍት ሲመኝ ነው፤ ድካሙና ሕመሙ አንድ ላይ ስለተጋመዱ አንዱን ያለሌላው መመኘት ስላልተቻለ። አታባሪው። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጥናት ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ብሎ አዝዟቸው ነበር፤ ድቡ እየተመላለሰ መጣባቸው። ሐሳቡ ሲመጣ «ባለቀልኝ የሚል ሐሳብ መጣ» በዪና የያዝሽውን ሥራ ቀጥዪ። አትከራከሪው፣ ፍርድ ቤትም አታቁሚው። ቆይቶ ይሄዳል፤ ደግሞም ይመለሳል።

የ21 ቀኑን ዑደት ራሱን ተጠቀሚበት። የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት የማቅለሽለሽ ናቸው፤ ከልምምድ የእጅ መታጠቡን ብቻ ያዢ፣ ሌላውን ተዪው። ሁለተኛው ሳምንት የትኩሳት ሥጋት ስላለበት ቴርሞሜትሩና ሌሊቱ ላይ አተኩሪ። ሦስተኛው ሳምንት እናትሽ ቀና ይላሉ፤ አስታማሚ ደግሞ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የተጠራቀመ ልብስና የተማሪ ደብተር ላይ ይዘምታል። በዚህ ሳምንት ከአንድ ቀን ግማሽ ያህሉን አርፈሽ አሳልፊው። ዝናብ ካልያዘሽ ወደ ጅሬን ወይም ወደ ቦዬ በኩል ወጣ ብለሽ ቀስ እያልሽ ተራመጂ፤ መራመድም ልምምድ ነው፣ ለአንዳንድ ሰው ከመቀመጡ ይልቅ ይስማማዋል።

የእውነተኛው ሸክም ጉዳይ። ወንድምሽ በየማታው ምክር ይሰጣል፤ ምክር ግን ድስት አይጥድም። «አግዘኝ» ብትዪው «ስንት ልላክ?» ይልሻል። የተወሰነ ነገር ጠይቂው፦ ከሁለት ኬሞ አንዱ ላይ ከዋዜማው መጥቶ ሁለት ሌሊት እንዲያድር። ካልቻለ ልብስ የምታጥብና ወጥ የምትሠራ ሴት ደመወዝ እሱ ይክፈል። የስልኩን ሰዓትም አንቺ ወስኚው፤ እናትሽ ከተኙ በኋላ የሚመጣ ትእዛዝ የአንቺን እንቅልፍ ነው የሚወስደው።

ጠያቂን በተመለከተ፣ ሕመምተኛ መጠየቅ ትልቅ ነገራችን ነው፤ ነገር ግን መጠየቁ አስታማሚዋን አስተናጋጅ ሲያደርጋት ዓላማውን ስቷል። ሰው በመጣ ቁጥር ቡና ማፍላት የለብሽም። «ምን ላግዝሽ?» ለሚልሽ ሁሉ «ዱዓ አድርጉልን» ብቻ አትበዪ፤ እሱንም በዪና ሥራ ጨምሪበት። አንዷ ቅዳሜ ልብስ ትውሰድ፣ አንዷ ሐሙስ አንቺ ክፍል እስክትጨርሺ አብራቸው ትዋል፣ እድሩ ደግሞ የኬሞ ቀን መጓጓዣ ይቻል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ከበር ይመለስ፤ ሐኪም ነው ያዘዘው በዪ፣ እኔም ያዘዝኩት ይሁን። አጠገባቸው ተቀምጦ በዚሁ ሕመም ስለሞተችው ጎረቤቱ የሚተርክ ጠያቂም አለ። እሱ ጉንፋን ባይኖርበትም ይመለስ።

ምስጢሩን በሚመለከት ውሳኔው የቤተሰባችሁ ነው ብዬ ላልፈው አልችልም፤ ጉዳዩ የእናትሽ ነው። ለአንቺ ግን ሌት ተቀን የማያልቅ ሥራ ሆኖብሻል፤ ካርዱን ትደብቂያለሽ፣ ጠያቂውን ታስጠነቅቂያለሽ፣ ቃል ትመርጫለሽ። የፀጉራቸውን መርገፍ ያዩ፣ ኬሞ ክፍል ከሌሎች ሕሙማን ጎን የተቀመጡ እናት ምንም አልጠረጠሩም ማለትም ይከብደኛል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ወገን ያውቃል፣ ሁለቱም ሌላውን ለመጠበቅ ዝም ይላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪማቸውን ወይም የክፍሉን ነርስ አስቀድመሽ አነጋግሪና እናትሽን ራሳቸውን እንዲህ ብለው ይጠይቋቸው፦ «ስለ ሕመምዎ ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ለልጆችዎ ቢነገር ይመርጣሉ?» አልፈልግም ካሉ ዝምታው የእሳቸው ምርጫ ይሆናል፤ አንቺም ዘብ ከመቆም ትገላገያለሽ። ወንድምሽን ከዚያ በፊት በዚህ ላይ አናግሪው፤ በኋላ ቢሰማ ይቀየማል።

ልምምዱ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አብዛኛውን ቀን ከከፋሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ እናትሽ ተኝተው እንኳን አንቺ መተኛት ካልቻልሽ፣ ክፍል ውስጥ ቆመሽ የምታስተምሪው ከጠፋብሽ፣ ይህ ከአስታማሚ ድካም አልፎ ድባቴ ሊሆን ይችላልና ሕክምና አለው። ሌሊት ለመንቃት ጫት መቃም፣ ከዚያ ለመተኛት ኪኒን መፈለግ በዚህ ከተማ የማየው ነገር ነው፤ ጀምረሽ ከሆነ ሳታፍሪ ለሐኪም ንገሪ። ራስሽን ወይም እናትሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ በተለይ እንዴት እንደምታደርጊው ማሰብ ከጀመርሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ተናግረሽ ወደ ሕክምና ሂጂ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እናትሽን ለኬሞ ስታመጪ የራስሽንም ካርድ አውጪ፤ አስታማሚ ታካሚ መሆን አይችልም የሚል ደንብ የለም።

ከዚህ ሁሉ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ፦ ቴርሞሜትሩን ግዢና ከእጅ መታጠቦችሽ አንዱን ምረጪ። የወንድምሽን ጉዳይ ለዓርብ ማታ አቆዪው፤ እናትሽ ከተኙ በኋላ አንቺው ደውዪለት፣ የምትጠይቂውን ሁለት ነገር አስቀድመሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ። የስልኩን ልምምድ ሰርዢው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዓይን ጨፍኖ መቀመጡን ልሞክር ካልሽ ከሦስት ደቂቃ አታስበልጪው፤ አሁንም ከከበደሽ በዚያው ተዪውና በእግርሽ መራመዱን ቀጥዪ።